ሦስተኛው ካሜራ አልነሣም አለ

ለገጣፎ ዳር ላለ አንድ የዶሮ እርባታ ሦስት ዌብካሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ እኩል እንዲቀርጹ የሚያደርግ ፕሮግራም መጻፍ ይህን ያህል ያንገሸግሻል ብዬ አልጠበቅሁም። የሚሰጠኝ ምክር ሁሉ «ለእያንዳንዱ ካሜራ የራሱን ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ስጠው» የሚል ነው። ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል ማቀነባበሪያ የፕሮግራም መሣሪያ ውስጥ ከካሜራ ምስል የሚያነበው ትእዛዝ ቀጣዩ ምስል እስኪደርስ ድረስ ፕሮግራሙን አግቶ ስለሚይዝ ምክሩ ትክክል ነው፤ ትሬድ ግን ገመዱን አያሰፋውም! ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ከዚያም ውስጥ ለቪዲዮ ዓይነቱ ቋሚ ፍሰት የሚፈቀደው 80 በመቶው ብቻ ነው። 640 በ480 የሆነ ያልታመቀ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ አንዱ ካሜራ ብቻውን ወደ 147 ሜጋቢት ስለሚወስድ፣ ሦስቱ በአንድ ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ ለብዙ በሚያካፍል ዕቃ) ላይ ሲሰኩ ለሦስተኛው የሚበቃ አይተርፍም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ነው፦ «በመሣሪያው ላይ ባዶ ቦታ የለም»። የሞላው ገመዱ ሆኖ ሳለ ስለ ቦታ የሚያወራ መልእክት ያነበበ ስንቱ ሰው ያለ ጥፋቱ ፋይሉን ሲሰርዝ አምሽቶ ይሆን? ካሜራዎቹ ምስሉን በኤምጄፔግ (እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ በሚያሳንስ ዘዴ) አምቀው እንዲልኩ ማዘዝ ጭነቱን ያቀልላል፤ አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች ግን ጥቂት እየላኩም አስቀድመው የያዙትን ሰፊ ድርሻ አይለቁም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ (እዚህ ዳር ላይ መሄዱ ብርቅ አይደለም) ኮምፒውተሩ ለየካሜራው የሚሰጠው መለያ ቁጥር ሊቀያየር ስለሚችል፣ የመኖው መጋዘን በጫጩቶቹ ስም ሲቀረጽ ያድራል።