ላም አለኝ በሰማይ፣ ሰባተኛ ፎቅ

የአዲስ አበባ ሰው የበዓል በግ ሲገዛ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወገቡን ጨብጦ ይነቀንቃል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። "ይሄማ ቀንድና ጸጉር ነው" ብሎ ጥሎት ይሄዳል፤ ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ይመለሳል። ባለበጉ ይቆጣል፣ ገዢው ይስቃል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል። ዶሮም ብትሆን ላባዋን እፍ ብሎ፣ ደረቷን ዳብሶ፣ ዓይኗን ሳያይ እጁን ኪሱ አይከትም። ለሽንኩርት ሚዛን እንኳ የሰው እጅ የማያምነው ይህ ጠርጣራ ሰው፣ በማግስቱ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ቢሮ ይገባና አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ሳይጨርስ የ10 ሚሊዮን ብር ቤት ገዝቶ ይወጣል። ቤቱ የለም። ሥዕሉ ግን አለ፤ ሥዕሉ ደግሞ ያምራል።

እንግዲህ ይህንን ሕዝብ ማመስገን የሚገባው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ምስጋናው ዘግይቷል። ሐዋርያው ቶማስ ጣቴን ቁስሉ ውስጥ ካልከተትኩ አላምንም ብሎ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። እኛ ጣታችንን ከተን ብናየው ጉድጓድ ብቻ የሚገኝበትን ነገር ሳንነካ አምነናል። "ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው" ተብሎ የተነገረው ለእኛ፣ ከሲኤምሲ እስከ ለቡ ለተበተንነው የወረቀት ቤት ባለቤቶች ይመስለኛል።

አልደብቅም፤ እኔም ከብፁዓኑ አንዱ ነኝ።

ቢሮው ውስጥ ሞዴሉ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል፤ ጥፍር የሚያህሉ መኪኖች፣ ከስፖንጅ የተቆረጡ ዛፎች አሉት። የሽያጭ ባለሙያዋ ቀዩን ሌዘር አበራችና ሰባተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈችው። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የሚኖሩት" አለችኝ። "ሊኖሩ የሚችሉት" አላለችም። "በረንዳው በዚህ ዞሯል፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛሉ።" ባለቤቴን ዞር ብዬ ባያት ወንበር እያስቀመጠች ነው፤ ጀበናው የት እንደሚሆንም የወሰነች ትመስላለች። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ስኒ ያሰለፈ ሰው ስለ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል? ነውር አይሆንም?

ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕልም ሳላደንቅ አላልፍም። አንዲት ፈረንጅ ወርቃማ ውሻ አስከትላ ትሮጣለች። ሐይቅ የሚያህል የውሃ ገንዳ አለ፤ ሰፈሩ ግን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ የሚመጣበት ነው። የመብራት ገመድ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ "ቆራሌው" የሚል የለም። ከሥሩ "ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 10 ደቂቃ" ይላል። በምን እንደሚኬድ አልተጻፈም፤ እኔ በአውሮፕላን ማለታቸው ነው ብዬ ተረድቻለሁ።

ከዚያ የሽያጭ ባለሙያዋ ስልክ ጮኸ። "እንዴ፣ ዘጠነኛ ፎቋም ሄደች?" አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። ዘጋችና በሐዘን አየችን። "ሦስት ቤት ብቻ ነው የቀረን። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ካሬው ላይ 8 ሺህ ብር ይጨምራል።" ዕለቱ ዓርብ ነበር። ወዳጆቼ፣ በዚህች አገር ስንት ዓርብ እንዳለ እኔ አላውቅም፤ ቤት የሚሸጠው ግን ሁልጊዜ ዓርብ ነው። ሦስቱ ቤቶችም እስከ ዛሬ ሦስት ናቸው። ሁለት ዓመት አልፎ ትናንት ማታ ቲክቶክ ላይ አየኋቸው፤ አልተቀነሱም፣ አላረጁም።

105 ካሬ ነው፤ ካሬው 98 ሺህ ብር። ድምሩ 10 ሚሊዮን 290 ሺህ ሆነ፤ 15 በመቶ ቅድመ ክፍያው ብቻ 1 ሚሊዮን 543 ሺህ 500 ብር። የባለቤቴ ወርቅ ሄደ፣ የወጣልን ዕቁብ ሄደ፣ መኪናዋም ሄደች። ስንፈርም አጨበጨቡልን፤ ፎቶ አነሱን፤ ካርቶን ላይ የተሳለ ትልቅ ቁልፍ አስያዙን። የሚከፍተው በር ስለሌለ ካርቶን መሆኑ ተገቢ ነው።

105 ካሬውን ቤት ከገባሁ በኋላ ተረጋግቼ አነበብኩት። ለካ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ የሊፍቱ ጉድጓድና የጥበቃ ቤቱ በየድርሻችን ተከፋፍሎ በውስጡ ነው። በኔት፣ ማለትም የቤቱ ውስጥ ብቻ ሲሰላ 80 እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ከፋኝ፤ በኋላ ግን ጥቅሙ ታየኝ። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲበዛብኝ ፍራሽ አውጥቼ ደረጃው ላይ አስተኛለሁ። ማን ይናገረኛል? ካሬውን በ98 ሺህ ገዝቼዋለሁ።

ውሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። እኔ ክፍያ ብዘገይ በቀን የሚታሰብ ቅጣት አለ፤ ሦስት ወር ከዘገየሁ ውሉ ይፈርሳል፣ ከከፈልኩት ላይ ተቆርጦ የቀረው "ቤቱ ለሌላ ገዢ ሲሸጥ" ይመለስልኛል። ሻጮቹ ቢዘገዩስ? "ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት" የሚል ሰፊ ጃንጥላ አለ፤ ሥሩ የማይጠለል የለም። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ብረት ተወደደ፣ ዶላር ታጣ፣ መብራት ተቆረጠ፣ ክረምት ገባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአቅም በላይ የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውን፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ልክ ነው እኮ! ኢትዮጵያ ውስጥ ሰኔ ሲደርስ ዝናብ እንደሚዘንብ ማን አስቦት ያውቃል?

አሁን ስለ ጀግንነታችን ላውራ። ለጓደኛችን 5 ሺህ ብር ስናበድር በደብተር እንጽፋለን፣ ምስክር እንጠራለን፣ ከተዘገየብን ሰላምታ እንቆርጣለን። ለማናውቀው ሰው ግን 1 ሚሊዮን ተኩል ያለ ወለድ እንሰጥና "ገዛሁ" እንላለን። በአንድ ሕንፃ እንደኔ ያለ 60 ሰው ቢሰለፍ ከ92 ሚሊዮን ብር በላይ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከባንክ ቢጠየቅ ባንኩ መያዣ ይላል፣ የአዋጭነት ጥናት ይላል፣ ወለድ ይላል። እኛ ምን አልን? "ወለሉ ሴራሚክ ነው ወይስ ፖርሰሊን?" አልን። በእኛ ገንዘብ አያት ሰፈር ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የአያት ሰፈር ሰዎች ሁለተኛ ዙር ሲከፍሉ ለቡ ላይ ሌላ ሞዴል ሌላ መስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባንኮች ይህንን የመሰለ ደግ ተፎካካሪ እንዴት ዝም ብለው እንደሚያዩ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ ላስቀምጥ፤ ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አካባቢ ነበር። ብርህን ባንክ አስቀምጠህ ስትተኛ አይጥ የገባበት ጎተራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። "ቶሎ ግዛ" ሲል የነበረው ደላላ በአንድ ክረምት ነቢይ ሆነ። ኮንዶሚኒየም ይጠብቅ እንዳይባል፣ በ2005 የተመዘገበው ሰው ያኔ ያዘላት ልጁ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። ሐምሌ 2014 ላይ ዕጣው ወጣ ተብሎ ሰፈሩ እልል ካለ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተባለና ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እልልታን መመለስ እንዴት እንደሚቻል ግን የነገረን የለም። እንዲህ ተገፍቶ ነው ሰው መስታወቱ ቢሮ የሚደርሰው። ተገፍቶ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ደርሶ ውሉን ሳያነብ መፈረሙ ግን የራሱ ሥራ ነው፤ እኔ የማደንቀው ይህንኛውን ነው።

ሽሙጡን መልሼ አነሣሁ።

ያልተሠራ ቤት ማግኘት የሚያመጣው ክብር ቀላል አይደለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ የሟች ስም ተነስቶ "ደግ ሰው ነበር" ከተባለ በኋላ ወሬው ወዴት ይሄዳል? "ካሬው በስንት ገባህ?" እዚያ ነው ማዕረጉ የሚለየው። 70 ሺህ የገዛ ጥበበኛ ነው፤ 98 ሺህ የገዛ ከንፈር ይመጠጥለታል፤ 130 ሺህ የገዛ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ውድ መግዛትም ወግ ነው። ተከራይ ከሆንክ ንፍሮውን ዝም ብለህ ትቆረጥማለህ። እኛ ወረቀት የያዝነውም በየወሩ ኪራይ የምንከፍል ተከራዮች መሆናችንን ያነሣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ባሕር ማዶ ያለው ወገን ደግሞ ከእኛ ይበልጣል። እኛ ቢያንስ አጥሩን አይተናል። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ እዚያው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ጥብስና ዘፈን ባለበት፣ በዶላር ገዛ። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀማት ናት። ከእኔው ሳይት ስለሆነ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ "ሄደህ እስኪ ቪዲዮ ላክልኝ" ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ሄድኩለት። በቆርቆሮ አጥር መሀል ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ቆሟል፤ ከውሃው ጥቂት ፌሮ ብቅ ብሏል። ስልኬን ሳወጣ የሳይቱ ኃላፊ መጣና በትሕትና "ከዚህ ማዕዘን ቢቀርጹት ይሻላል" አለኝ። በዚያ በኩል ስትቆም ከኋላ ያለው የሌላ ሰው ሕንፃ፣ አምስተኛ ሶሌታው የተሞላው፣ ከጉድጓዳችን የበቀለ ይመስላል። ቀርጬ ላክሁ። የአጎቴ ልጅ አለቀሰ። "ፈጥነዋል እኮ!" አለኝ። ምን ልበለው? ከሌሊት ፈረቃ ገና መግባቱ ነበር። ዝም አልኩ።

አማቴም አንድ ቀን ቤቱን ካላየሁ ብለው ተነሡ። ጸበል በሃይላንድ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄድን። ጠርዙ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ልባቸው ጨዋ ስለሆነ ምንም አላሉም፤ ጸበሉን ረጩት። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ "በሩ በየት በኩል ነው የሚሆነው ልጄ?" ብቻ ነው ያሉኝ።

ባለፈው መስከረም ደግሞ ብቻዬን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሄዶ በአጥር እንደሚያየው ያለ ነገር ነው። ቢሮው ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰነባብቷል፤ "የማስፋፊያ ሥራ ላይ ነን" የሚል መልእክት ግን በቴሌግራም ይልካሉ፣ ከእንኳን አደረሳችሁ ጋር። በሩን ስገፋ ዘበኛው፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ፍም ላይ እሸት እየጠበሱ ነው። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ከአጥሩ ሥር ደልድለው በቆሎ ዘርተውበታል። ምን የመሰለ በቆሎ! ከእኔ ቁመት ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ሳይት ላይ ወደ ላይ የወጣ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ፤ ብሎኬት ገፋ አደረጉልኝ። ሳይቱ ላይ ያለው ብሎኬት እሱ ብቻ ይመስለኛል። እሸት ሰጡኝ። ጣፋጭ ነው። "የስንተኛው ነህ?"

"የሰባተኛው።"

"የትኛው ሰባተኛ?"

"ባለ ሁለት መኝታው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው።"

እሸቱን በጣታቸው ገለበጡና ትንሽ ዝም አሉ። "ትናንት አንዲት ሴትዮ ከነልጆቻቸው መጥተው ነበር" አሉኝ። "እሳቸውም ባለ ጠዋት ፀሐይዋ ነን ብለዋል። ሰባተኛ። በረንዳው ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ለልጆቹ ሲያሳዩ ነበር።"

በየት በኩል እንዳሳዩ ጠየቅኋቸው። ዘበኛው እሸቱን ትተው ተነሡ፣ ዱላቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉና ከበቆሎው በላይ፣ ከመብራት ገመዱ በላይ፣ ባዶው ላይ አንድ ቦታ አቆሙት። እኔም ቀና ብዬ ዓይኔን አጥብቤ አየሁ።

ልክ ናቸው። የእኔው በረንዳ ነው።