ማስተካከያ፦ ሚዩራ በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ አልተጫወተም

ስለ ጃፓናዊው አጥቂ ካዙዮሺ ሚዩራ ባለፈው ባቀረብነው ጽሑፍ ሁለት ስህተቶች ስላሉ ከይቅርታ ጋር እናርማለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ተሰልፏል» ያልነው ትክክል አይደለም። ሚዩራ ከቡድኑ ጋር እስከ ስዊዘርላንድ ተጉዞ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን አሰልጣኝ ታኬሺ ኦካዳ ከሦስቱ ተቀናሾች አንዱ አደረጉት። ፀጉሩን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለብሔራዊ ቡድኑ በ89 ጨዋታ 55 ግብ ላስቆጠረ ሰው ይህ እጅግ መራራ ነበር፤ የእኛ ስህተት የከበደንም ለዚህ ነው። የዓለም ዋንጫን መድረክ የረገጠው በ2012 ታይላንድ ላይ፣ ያውም በፉትሳል (በአዳራሽ ውስጥ አምስት ለአምስት በሚደረግ እግር ኳስ) ነው።

«አውሮፓ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ» ማለታችንም ስህተት ነው። ያሱሂኮ ኦኩዴራ በ1977 ለጀርመኑ ኮሎኝ ፈርሞ የቡንደስሊጋ ዋንጫ አንስቷል። ሚዩራ የመጀመሪያው የሆነው በጣሊያን ሴሪ አ ነው፤ በ1994 ለጄኖዋ ሄዶ ብቸኛ ግቡን በከተማው ደርቢ ሳምፕዶሪያ ላይ አስቆጠረ።

የቀረው መረጃ ትክክል ነው፦ በ15 ዓመቱ ለብቻው ብራዚል መሄዱ፣ በሳንቶስ፣ በዲናሞ ዛግሬብና በሲድኒ መጫወቱ፣ በ2017 ደግሞ በ50 ዓመቱ ለዮኮሃማ ኤፍሲ ግብ ማስቆጠሩ።