እርማት፦ ሳልክ ኖቤል አልተሸለመም

«ጆናስ ሳልክ በፖሊዮ ክትባቱ ኖቤል ተሸልሟል» የሚለው በየቦታው ይደጋገማል፤ ግን ስህተት ነው። የአፍ ጠብታውን የሠራው አልበርት ሳቢንም አልተሸለመም። በፖሊዮ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1954 የተሸለሙት ጆን ኢንደርስ፣ ቶማስ ዌለርና ፍሬድሪክ ሮቢንስ ናቸው። ስማቸው አለመነሳቱ ያሳዝነኛል፤ መሠረቱን የጣሉት እነሱ ናቸውና።

ቀድሞ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ የሚራባው በነርቭ ሕዋስ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ከነርቭ ሕዋስ የሚሠራ ክትባት ደግሞ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ቦስተን ውስጥ ዌለር ለሌላ ቫይረስ ያዘጋጃቸው የሕዋስ ጠርሙሶች ተረፉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውን የፖሊዮ ቫይረስ ጨመሩባቸው። ነርቭ በሌለበት ተራባ! ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1949 ታተመ። ሳልክም ለክትባቱ የሚበቃ ቫይረስ በጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ማራባት የቻለው ይህ መንገድ ስለተከፈተለት ነው።