የ12 ደቂቃ ጎብኚ ይመስገን

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን በ12 ደቂቃ ጨርሶ የሚወጣ ጎብኚ እንደኛ ያለ ይገኛል? አይመስለኝም። የጃንሆይ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ እዩት። ፈረንጁ፣ ምስኪን፣ እያንዳንዷን ጽሑፍ አንገቱን አጣሞ ሲያነብ ይውላል። እኛ ምን በወጣን! ቀጥታ ወደ ጃንሆይ መታጠቢያ ቤት።

እዚያ ስንደርስ ግን እንመራመራለን።

«ሙቅ ውኃ ነበራቸው?»

«እንዴታ! ንጉሥ አይደሉ እንዴ?»

ቀጥሎ አልጋው በዓይን ይለካል። «ውይ፣ እንዲህ አጭር ነበሩ?» በቃ። የ44 ዓመት ንግሥና ተጠንቶ አለቀ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጥይት የበሳው መስተዋት አለ። ባለፈው አንዲት እህት ፊቱ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች። ቀዳዳው ልክ ግንባሯ ላይ ዋለ። ወደ ግራ ፈቀቅ አለች፣ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች፣ አልሆነም። «ኧረ ይሄን መስተዋት ቀይሩት!» አለች ተናዳ። ለቅርስ እንዲህ የሚቆረቆር ሰው ከየት ይገኛል? አስጎብኚው በዚያው ግርግር እነ ራስ አበበ አረጋይ እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ እንደተረሸኑ ሊነግረን ጉሮሮውን ጠረገ። እኛ ደግሞ ቀደምነው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ቡና የት ነው የሚጠጣው?»

ዋናው ሙያችን ግን ደጅ ነው። ሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን የሠራው ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። የትም አያደርስም። 14 እርከን አለው፤ ፋሺስቶች በ1922 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከዘመቱ ወዲህ ለሙሶሊኒ ሥልጣን በየዓመቱ አንድ አንድ እርከን መሆኑ ነው። ጣሊያን ሲባረር ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ሽሙጥ እኔም በጻፍኩ!

ተመራቂያችን ታዲያ ጋዋኑን ለብሶ እርከኑ ላይ ወጣ። ሁለት ጣቱን ቀሰረ። ጓደኛው መሬት ላይ ተንበርክኮ ሃያ ጊዜ አነሳው። ማታ ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ «ስኬት ደረጃ በደረጃ!» ይላል። ላይክ እንደ ጉድ ዘነበለት። እኔም ላይክ አደረግሁ።

አንበሳው ግን ፎቶው ላይ የለም። ቁመቱን ስለሚያሳጥርበት ቆርጦታል።