«ነገሩን በልኩ እንየው» ለሚሉት ሊቅ

አሜሪካ በጃፓኗ ከተማ በሂሮሺማ ላይ የጣለቻት የአቶሚክ ቦምብ ነገር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንድ ሊቅ አይጠፉም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ኧረ ነገሩን በልኩ እንየው!» ይላሉ። ዕድሜ ይስጥልን። እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ 15 ሺህ ቶን ቲኤንቲ የሚባለውን ፈንጂ ያህል ጉልበት የነበራትን ቦምብ ትልቅ ናት ብለን እንደ ደነገጥን እንቀር ነበር።

የሊቁ የመጀመሪያ ማስታገሻ ቶኪዮ ናት። እ.ኤ.አ. በማርች 1945 በአንድ ሌሊት የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላኖች ተቀጣጣይ ቦምብ አዝንበውባት ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሕዝብ አልቋል፤ ያውም ያለ አንዲት አቶሚክ። እውነት ነው፣ አልዋሹም። ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን እጅ ያስነሣል፦ ሂሮሺማ ያን ያህልም አልነበረችም! እኔ ሞኙ ሁለቱም ዘግናኝ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ሬሳ ከሬሳ ይቀነሳል። ቶኪዮን ለማቃጠል ሦስት መቶ ያህል አውሮፕላን ማስፈለጉን፣ የሂሮሺማዋን ቦምብ ግን አንዱ ብቻውን መሸከሙን ሊቁ በትሕትና ያልፉታል።

በሌላዋ የጃፓን ከተማ በናጋሳኪ ላይ የወደቀችው አቶሚክ 21 ኪሎቶን (21 ሺህ ቶን ቲኤንቲ) ብትሆንም ኮረብቶቹ ከፊሉን ከተማ ከእሳቷ ከልለውታል ይሉናል። ለኮረብቶቹም ምስጋና ይድረሳቸው።

ሊቁ ደስ የሚላቸው ግን ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቫያ ዜምሊያ በተባሉት የሰሜን ደሴቶቿ ላይ ያፈነዳችው ባለ 50 ሜጋቶን (50 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ) ቦምብ ሲነሣ ነው። ከሂሮሺማዋ ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ትበልጣለች! ይህን ሲናገሩ በሬያቸው ያሸነፈላቸው ገበሬ ይመስላሉ። የቦምብ ጉልበት በሺህ ሲባዛ ፍንዳታው የሚያፈርሰው ርቀት በአሥር ብቻ እንደሚባዛ፣ ስለዚህም «ትንሿ» በስሟ ልክ እንደማታንስ አይነግሩንም። ደስታቸውን ለምን ያበላሹ?

ደግሞም ቴክኖሎጂው ገና ጥሬ ነበር ይላሉ። ቦምቧ ከያዘችው 64 ኪሎ ያህል ዩራኒየም አቶሙ ተሰንጥቆ ጉልበት የሰጠው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ባክኗል። እስከ 1945 መጨረሻ ሞቱ ተብለው የሚገመቱት 140 ሺህ ያህል የሂሮሺማ ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ ብቃት በጎደለው ዕቃ መሞታቸው እንዴት ባጽናናቸው!

በሂሮሺማ ሙዚየም አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ቀድሞ የባንክ ደጃፍ ነበር። ከፍንዳታው መሃል 260 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ያን ጠዋት ባንኩ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦበት ነበር ይባላል። ብልጭታው በዙሪያው ያለውን ድንጋይ ሲያነጣው፣ ሰውየው የከለለው ስፍራ ጠቁሮ ቀረ። ሊቁን አንድ ቀን እዚያ ወስደን ይህ ጥላ ስንት ኪሎቶን እንደሚመዝን ብናስለካቸው መልካም ነበር። ሜትር አያጡም።

ደግነቱ ልማዳቸው ወራሽ አላጣም፤ መንግሥታትም ተቀብለውታል። ዛሬ በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ላይ ከተጫኑት የኑክሌር አረሮች አንዱ የሂሮሺማን ሲሶ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ጉልበት እንዳለው ይገመታል፤ «ዝቅተኛ ጉልበት ያለው» የሚል ማዕርግም ተሰጥቶታል። ሊቁ ይህን ሲሰሙ እፎይ ብለዋል። ሲሶ ሂሮሺማ ምን አላት? ከ50 ሜጋቶን አጠገብ ብትቆም እኮ አትታይም!