ለክቡር ከፕሮጀክት ወደ ኤክሴል የመረጃ ዝውውር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለዋሉልን ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ካዛንቺስ ከሚገኝ የአንድ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ፣ ከዕቅድና ክትትል ክፍል ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ስለምንገናኝ ስለ ጤናዎ አልጠይቅም። የሥራ መርሐ ግብሩ የሥራ ዕቅድ ማውጫ ፕሮግራም በሆነው በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት እንዲዘጋጅ ውሉ ያዝዛል፤ ከሚያነቡት ሰዎች መካከል ግን ከአማካሪ መሐንዲሱ በቀር ፕሮጀክት ከፍቶ የሚያውቅ የለም። አለቃዬ ሜክሲኮ አካባቢ ስብሰባ ላይ ሆነው ይደውሉና «ኤክሴል አድርገህ ላክልኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ እርስዎ ይጠራሉ።

ፕሮጀክት የራሳችንን መረጃ የምንይዝባቸው 30 የጽሑፍ፣ 20 የቁጥር፣ 20 የአዎና የአይደለም፣ 10 የወጪ ዓምዶች ሰጥቶናል። እኔም ከጽሑፍ ዓምዶቹ የመጀመሪያው በሆነው ቴክስት 1 ላይ የሕንፃውን ብሎክ፣ ቴክስት 2 ላይ የክፍያ ምስክር ወረቀቱን ቁጥር አሰፈርኩ። አማካሪው በበኩሉ ቴክስት 1ን የፎርማን ስም መያዣ አድርጎታል። የእርሱን ኤክሴል ከእኛ ፋይል ጋር ሲያዋህዱ እርስዎ ምንም አልጨነቅዎትም፤ ቁጥራቸው አንድ ነውና አንዱን በሌላው ላይ ጻፉበት። ፒያሳ ያለው የሕንፃችን የሦስተኛ ፎቅ የኮንክሪት ሙሌት በሪፖርታችን ላይ የሚከናወነው በአንድ ፎርማን ውስጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓምዶቹ በአንዱ የዘገየ ሥራን በቀይ ምልክት የሚያሳይ ቀመር ነበረኝ። እርስዎ ተሳፋሪውን ጭነው ሻንጣውን እንደሚያስቀሩ የታክሲ ረዳቶች ውጤቱን ብቻ አሻገሩ፤ ቀመሩም ቀዩ ምልክትም እዚያው ቀሩ። አለቃዬ ሪፖርቱን በስልካቸው ከፍተው «በዚህ ወር ቀይ የለም፤ በርቱ» አሉ። በእርስዎ ስም ምስጋናውን ተቀብያለሁ።

ስለ ቆይታ ጊዜም ላመስግንዎ። የ12 ቀን ሥራ «12 ዴይስ» ተብሎ ከነቃሉ ተጣብቆ ስለሚደርስ ኤክሴል ተራ ጽሑፍ ይመስለዋል፤ ደምር ቢሉት ዜሮ ይላል። በዜሮ ቀን የሚያልቅ ሕንፃ ለከተማችን ትልቅ ብሥራት ነው። ከቀኑ ጎን ደግሞ ሥራ የሚጀመርበት 8:00 ተለጥፎ ይመጣል፤ የፕሮጀክት መደበኛ የሥራ ቀን የሚጀምረው በፈረንጅ ሰዓት ነውና። ፎርማኑ 8 ሰዓት የሚለውን እንደ አገሩ አነበበና ምሳውን በልቶ መጣ። የኮንክሪት መኪናው ጠዋት ደርሶ ነበር።

ቀድቶ መለጠፉ ይሻላል ያሉኝም አሉ። ሞክሬዋለሁ። የሥራ ዝርዝር ቁጥር 1.10 ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ 1.1 ይሆናል፤ አሥረኛው ሥራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መታወቂያ ያዘ። በንድፉ ላይ አክሲስ ከሚባሉት የምሰሶ መስመሮች ከ3 እስከ 4 ያሉትን ምሰሶዎች በአጭሩ «3-4» ብዬ ነበር፤ ኤክሴል ቀን አደረጋቸው። የእኔ ኮምፒውተር ማርች 4 ይላል፣ የባልደረባዬ ኤፕሪል 3። ምሰሶዎቹ ግን እስካሁን ፒያሳ ናቸው።

የመልስ ጉዞዎ ይብሳል። የመጀመሪያ ቀን የያዘ ዓምድ ወደ ፕሮጀክት ሲመልሱ በየሥራው ላይ «ከዚህ ቀን በፊት አይጀመርም» የሚል ገደብ ይለጥፉበታል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ቀድሞ ቢታሰር እንኳን ሙሌቱ ከቀኑ ንቅንቅ አይልም። ማዋሃጃ ቁልፉን፣ ማለትም የሁለቱ ፋይሎች ሥራዎች የሚዛመዱበትን ዓምድ፣ ዩኒክ አይዲ የሚባለው ቋሚ መለያ ማድረግ ሲገባ የረድፍ ቁጥር ያደረገ ሰው ካለማ ጉድ ይፈላል፤ መካከል ላይ አንድ ሥራ ሲጨመር ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ ስለሚገፋ፣ የአጥሩ ክንውን ለሊፍት ገጠማው ይጻፋል። ሊፍቱ ገና ከወደብ አልወጣም። የትኛው ዓምድ ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ የሚነግርዎ ማፕ ደግሞ የሚቀመጠው ከመርሐ ግብሩ ጋር ሳይሆን በእኔ ኮምፒውተር ላይ፣ ፕሮግራሙ የራሱን ቅንብር በሚይዝበት ግሎባል ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ የዓመት ፈቃድ ስወጣ እሱም አብሮኝ ይወጣል።

ጳጉሜንን እንዴት እንደሚያስተናግዷት ሳላነሳ አላልፍም። ኤክሴል ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900ን ያውቃል። እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የድሮ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ሲባል የተወረሰ ስሕተት ነው። ያልነበረውን ቀን በክብር መዝግቦ፣ በየዓመቱ የምትመጣውን ጳጉሜን 3 ሲጽፉለት ግን ተራ ጽሑፍ ያደርጋታል። አሠሪው መሥሪያ ቤት በጀቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚቆጥር የአገራችንን ቀን በቴክስት 5 ይዤ ነበር። በቅደም ተከተል ደርድር ስለው በሀ ሁ ተራ ደረደረው፤ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት። ሐምሌ መጀመሪያ ስለመጣ አለቃዬ ትክክል መስሏቸው ፈረሙ። «ህዳር» ብሎ በሃሌታው የጻፈ ሰው ቢገኝ ኖሮ የበጀት ዓመቱ በኅዳር ይጠባ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ድምፅ አያሰሙም። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ እንኳን የለም፤ ሥራው ተጠናቀቀ ብለው ገለል ይላሉ። የእኛ ቢሮ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርግ ደመወዙ ይቆረጥ ነበር፤ እርስዎ ግን በሚቀጥለው ወር መጨረሻ፣ ያውም በአስቸኳይ፣ ይጠራሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአማካሪ መሐንዲሱ፤ ቴክስት 1ን እንዲመልሱልን
ለፋይናንስ ክፍል፤ ዜሮ ቀን የሠራንበት ሂሳብ እንዲከፈለን
ለመዝገብ ቤት፤ በቴክስት 30 ላይ እንዲያያዝ። ዓምዱ ከ255 ፊደል በላይ ስለማይቀበል ምስጋናው ብቻ ቢገባ ይበቃል።