እርማት፦ ኮንቱር ማጥበቅ ብቻውን ተፋሰስ አያወጣም

«የኮንቱር ነጥቦችን ካበዛህ ቲን የተፋሰሱን ወሰን ራሱ በትክክል ያወጣዋል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። ኮንቱር በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው፤ ቲን (TIN) ደግሞ ከፍታቸው የታወቀ ነጥቦችን በሦስት ማዕዘን እያያያዘ የመሬቱን ገጽ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ነው።

አብዛኛው ሶፍትዌር ሦስት ማዕዘኖቹን የሚሠራው ቦሪስ ዴሎኔ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ደንብ ነው። ደንቡ የሚያየው ነጥቦቹ በአግድም የት እንዳሉ ብቻ ነው። ከፍታ አያይም፣ ወንዝም አያውቅም። ስለዚህ ኮንቱሩ ሸለቆ ላይ ሲታጠፍ ሶፍትዌሩ የሦስት ማዕዘኑን ሦስቱንም ነጥብ ከአንዱ ኮንቱር ያነሳና፣ ለምሳሌ ሦስቱም 2,340 ሜትር ይሆኑና፣ ፍጹም ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ተዳፋት ከሌለው ውሃው ወዴት ይሂድ? ሸንተረሩ ላይም ያው ነው፤ አናቱ ተቆርጦ ሜዳ ይመስላል፣ የውሃ መለያያው መስመርም ይጠፋል። በዚያው ኮንቱር ላይ ነጥብ ስትጨምር ደግሞ ጠፍጣፋዎቹ ጭራሽ ይበዛሉ።

የሚያድነው ሌላ ነው። የወንዙን መሃል መስመርና ሸንተረሩን ከነከፍታቸው እንደ ብሬክላይን፣ ማለትም የሦስት ማዕዘኖቹ ጠርዝ እንዲሆን እንደሚገደድ መስመር፣ አስገባ፣ ሦስት ማዕዘኖቹ እንዳያቋርጧቸው። የተራራ ጫፎችንም በነጠላ ነጥብ ጨምር። የወንዙ ከፍታ ወደ ታች እየቀነሰ መሄዱን ሳታይ ግን፣ እባክህ፣ በዚያ የተፋሰስ ስፋት የድልድይ ጎርፍ እንዳታሰላ።